ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ

በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት የተሠራው በአንዲት ትንሽ ላጲስ ነው። ለሰው ሳወራው ያስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ከሳቁ በፊት ፊቴ ይቀላል፣ ይኸው ይህን ያህል ዓመት አልፎም አልተወኝም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር አባቴ ነው። ቤት ውስጥ «አባዬ» እለዋለሁ፤ የትምህርት ቤቱን በር ከተሻገርን በኋላ ግን «መምህር ካርፒነን» ነው፣ እርስዎ እያልኩ። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ ለልጁ ያደላል እንዳይባል። እኔ ግን ከዚያ ሕግ ሌላ ሕግ አወጣሁለት፦ የመምህር ካርፒነን ልጅ አትሳሳትም። አባቴ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ለራሴ ያልኩት እኔው ነኝ።

ኦስሞ ከሐይቁ ማዶ ካለ መንደር የመጣ ልጅ ነበር። በሳምንቱ ቀናት ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፣ ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመስከረም ወር አባቴ ለሙከራ ሥራ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲመድበን እሱ ለእኔ ደረሰ። ረጅም ነው፤ ወሬ አያበዛም። ሲያወራ ግን ሰው ያበሽቃል፣ እኔን በተለይ። እስከ ገና ድረስ በእሱ መበሸቅ የሳምንቱ ትልቁ ደስታዬ ሆኖ ነበር፤ ይህን ግን ቢገሉኝ አልናገርም ነበር።

የወረቀት ፋብሪካው በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ ላብራቶሪው ውስጥ የበጋ ሥራ ይሰጣል። ተማሪውን በደብዳቤ የሚጠቁመው አባቴ ነው። በዚያ ዓመት ኦስሞ እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም። አባቱ ጫካ ውስጥ ግንድ ቆራጭ ነው፤ ኦስሞም ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ በጋውን መጋዝ ይዞ አብሮት ይሠራ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚሠራበት አንድ በጋ አማረው። አባቱ ደግሞ ገና ደብዳቤው ሳይጻፍ ለመንደሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

በጥር ወር አንድ ሰኞ የበረዶን ድብቅ ሙቀት ለካን። በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት ይበላል፤ ግን እየበላ አይሞቅም፣ ቀልጦ እስኪያልቅ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ያ የተበላው ሙቀት ነው ድብቁ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በረዶ ይጨመራል፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደደረሰ ይነበባል፣ ከዚያ ይሰላል። መልሱን መጽሐፉ ነግሮናል፤ ለአንድ ግራም ሦስት መቶ ሠላሳ አራት ጁል።

አባቴ በረዶውን ጠዋት ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሳህን ላይ አስቀምጦት ነበር፣ ማላብ ጀምሯል። «ከዚህ ውሰዱ፣ በወረቀት አድርቁትና ጨምሩ» አለና የሚሰባበር ዕቃ ወደማይጠፋበት ወደ ኋላው ጠረጴዛ ሄደ።

ኦስሞ መስኮቱን ከፈተና ከውጭ ባልዲ አነሳ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለአንቺ ያመጣሁት ነው። እሁድ ዕለት ከሐይቃችን በመጋዝ ቆረጥኩት። እይው እስቲ፣ አንዲት አረፋ የለውም።»

በእርግጥም እንደ መስታወት የጠራ ነበር። እሁድ ማታ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ጭኑ መሃል ይዞት መጥቶ፣ ሌሊቱን ከክፍሉ መስኮት ውጭ አሳድሮታል።

«ሌላው ወንድ አበባ ነው የሚያመጣው» አልኩት።

«በጥር? በጥር አበባ ካገኘሽ እኔንም ጥሪኝ።»

በረዶውን ሰባበረና በወረቀት ጠራረገው። «ይኸው፣ ወረቀቱ እንኳ አልራሰም» አለ በኩራት። እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም በዚያ ደረቅ ወረቀት ደስ አለን፣ ለምን ደረቀ ብለን ግን አልጠየቅንም።

እኔ እያማሰልኩ ቴርሞሜትሩን አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሥራችን እንዲህ ነበር የተከፋፈለው።

«አሥራ አራት» አልኩ።

«በሽማግሌዎች ዳንስ ከማን ጋር ነሽ?» አለ ቀና ሳይል።

በየካቲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው በወላጆች ፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደንሳሉ። ከገና በኋላ ልጃገረድ ሁሉ የምታስበው ስለዚያ ነው።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት። ከማንም።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ነሽ። የአያቴ ሱፍ አለ። ብል የበላው ጀርባው ላይ ነው፣ ከፊት አይታይም።»

«ስንዞርስ?»

«አንዞርም» አለ። ዓይኑን አነሳና አየኝ። ምን ያህል እንደተያየን አላውቅም፤ በረዶው ግን በመሃሉ ቀልጦ አልቋል። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። ከዚያ በታች አልወረደም።

ኦስሞ ቁጥሩን ሠንጠረዡ ላይ ጻፈ፣ ግራፉን ሠራ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ አሰላ። ሦስት መቶ ሰማንያ መጣ። ደግሞ አሰላው፤ ያው ሦስት መቶ ሰማንያ።

«ልክ አይደለም እኮ» አልኩት።

«የለካነው ይኼን ነው» አለ። «የለካነውን እንጽፋለን።»

መደምደሚያውን ለመጻፍ ደብተሩን ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባቴ የሁሉንም ውጤት ሰሌዳ ላይ የመደርደር ልማድ አለው፤ ከመጽሐፉ እጅግ የራቀውን በቀይ ጠመኔ ይከብበዋል። በክፋት አይደለም። ተማሪው ይስቃል፣ እሱ ስህተቱን ይፈልጋል፣ ትምህርት ይሆናል። እኔ ግን ስሜ በቀይ ተከብቦ ታየኝ። ለምን የተዘጋጀውን በረዶ አልወሰዳችሁም ሲባልም ታየኝ። ኦስሞ ስላመጣልኝ ደስ ብሎኝ ነው ልል ነው?

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ ወደ ኋላ አሰላሁ። ሦስት መቶ ሠላሳ አራት እንዲመጣ የመጨረሻው ንባብ አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት መሆን አለበት። አባቴ በጎን ክፍል ሬዲዮ ያዳምጣል። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝን በላጲስ አጠፋሁ። የኦስሞ ሰባት ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው፣ የእኔ የለውም። ሰረዙን ጨመርኩበት። ከሁሉ የማፍረው በዚያች ሰረዝ ነው፤ ሌላውን በችኮላ ያደረግኩት ይመስላል፣ እሷን ግን አስቤባታለሁ።

ግራፉ ከጀርባው ገጽ ተለጥፎ ነበር። ረሳሁት።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ደብተሮቹን ይዞ ገባ። ያንን ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሲናደድ ዝቅ ይላል።

«ኦስሞ፣ ይህ የእጅ ጽሑፍህ ነው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ሠንጠረዡ አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት ይላል። ግራፉ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ወረቀቱ ተፍቋል። ማን ነው ያጠፋው?»

ኦስሞ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለ። ያችን ሰባት አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ አይቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ የሚጠብቀው ነገር ግን ነበረው። እኔ እግሬን አየሁ። ጫማችንን በር ላይ ስለምናወልቅ ሁላችንም በካልሲ ነን። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን አየሁ፣ አየሁ፣ አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ኦስሞ።

«የተሳሳተ ቁጥር ስህተት ነው፣ ያስተምራል» አለ አባቴ። «የተቀየረ ቁጥር ግን ውሸት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ የለውም።»

ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። አላስፈለገውም፤ የእሱ ልጅ ነኝ።

ሐሙስ ስለነበር ምሳው እንደ ወትሮው የአተር ሾርባና ፓንኬክ ነበር። ኦስሞ ብቻውን ተቀምጧል። የፋርማሲው ባለቤት ልጅ ሪስቶ ሳህኑን ይዞ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ኦስሞ፣ ሾርባዬ ላይ ዝንብ ገብቶብኛል። ላጲስህን ታውሰኛለህ?»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታ ኦስሞ አይቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ አባቴ አንድ ፖስታ ገፋ አደረገልኝ። «በመንገድሽ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣይልኝ። ለፋብሪካው ነው። ሪስቶን ጠቁሜዋለሁ፣ ምን ላድርግ።» ከፍቶት ነበር፤ ኦስሞን ይወደው ነበር። አሁን እናገራለሁ አልኩ። ዳቦዬን ስጨርስ እናገራለሁ። ጫማዬን ሳጠልቅ እናገራለሁ። ከዚያ ቢጫው ሳጥን ፊት ቆሜ ነበር፣ ጓንቴን አውልቄ፣ ደብዳቤውን በገዛ እጄ ጨመርኩት። ታች ሲያርፍ ጠብ ያለውን ድምፅ ሰማሁ።

ቅዳሜ ዕለት የኦስሞ አከራይ በሩን ከፈተችልኝ። «ደግ መጣሽ» አለች። «ወደ ቤቱ አልሄድ ብሎ ተቀምጧል። አሞት ይሆን?»

ኦስሞ አልጋው ጫፍ ላይ ነበር። ተቀመጪ አላለኝም። መቀመጫም አልነበረም።

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?» አልኩት።

«አንቺ ስላላልሽ።»

ማልቀስ ፈለግኩ፤ ግን ማልቀስም ሌላ ማጭበርበር መሰለኝ፣ ያባብለኝ ነበርና።

«ለምን ወደ ቤት አልሄድክም?»

«አባቴ በር ላይ ቆሞ ስለ ፋብሪካው ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

«ደብዳቤው ሄዷል። ለሪስቶ። ሳጥኑ ውስጥ የጨመርኩትም እኔ ነኝ።»

ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ መስኮቱን አየሁ። በውጭ በኩል፣ እንደ ማንኛውም ቤት መስኮት፣ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። ከሥሩ ያ ባልዲ አለ፣ የተረፈው በረዶ ውስጡ።

«ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለ። «ቁጥሩ። ሦስት ቀን ሙሉ አሰላሁት። ውሃው ልክ ነው፣ ሚዛኑ ልክ ነው። የቱ ጋ እንደተሳሳትን አላገኘሁትም። በረዶዬ ነው ያበላሸብሽ መሰለኝ።»

ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ብርዱ ከዚያ አልተነቃነቀም ነበር።

«ኦስሞ፣ በረዶው ስንት ዲግሪ ነበር?»

«ዜሮ ነዋ። በረዶ ዜሮ ነው።»

«እዚህ ያደረ በረዶ?»

ተነስቶ አጠገቤ ቆመ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ። ሁለታችንም ቴርሞሜትሩን አየን። በየመስኮቱ ብርድ መለኪያ ሰቅለን፣ ጠዋት ሳናነበው ኮት የማንመርጥ ሰዎች፣ ውጭ ያደረ በረዶ ዜሮ ነው ብለን አስልተናል! ወረቀቱ ያልራሰው ለዚህ ነበር። በረዶው ከመቅለጡ በፊት ሃያ ሁለት ዲግሪ መውጣት ነበረበት፤ ለዚያም ሙቀት ከውሃው በልቷል።

ኦስሞ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ አሰላው። አንድ ግራም በረዶ አንድ ዲግሪ ለመውጣት ሁለት ነጥብ አንድ ጁል ይበላል፤ በሃያ ሁለት ሲባዛ አርባ ስድስት። ሦስት መቶ ሰማንያ ሲቀነስ አርባ ስድስት።

ሦስት መቶ ሠላሳ አራት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመ።

«ቁጥሩ ልክ ነበር» አለ። «ከየት እንደመጣ እየነገረን ነበር። ትንሽ ብንሰማው ኖሮ።»

«ለአባቴ ልንገረው?»

«ንገሪው አልልሽም። እኔ ብዬሽ ከተናገርሽ የተናገርኩት እኔ ነኝ።» በሩን ከፈተልኝ። «ኮትሽን ቆልፊ፣ ብርድ ነው።»

አባቴ ያን ሁለት ቀን ቤት ነበር። ለእሱ ብቻ ብነግረው ይቀለኝ ነበር። ኦስሞ የተዋረደው ግን በክፍሉ ሁሉ ፊት ነው። ሰኞ ደወሉ እንደተደወለ እጄን አወጣሁ፣ ሳይፈቀድልኝም ተነሳሁ።

«መምህር ካርፒነን፣ ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኦስሞ አላወቀም። ሰባቱ ላይ ሰረዝ የጨመርኩት የእሱን ጽሑፍ ለማስመሰል ነው።»

ሪስቶ እንኳ አልሳቀም። አባቴ ጠመኔ እንደያዘ ቀረ።

«ለምን?»

«ቀዩን ጠመኔ ፈርቼ።»

ያን ጊዜ አየኝ። ከዚያ በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፎ ኦስሞ ፊት ቆመ፣ በካልሲው፣ ትንሽ ሰው መስሎ።

«ደብተሩ ላይ ሁለት ስም ነበር» አለ። «እኔ የጠየቅኩት አንዱን ብቻ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ኦስሞ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ። ሰሌዳው ጋ ወጥቶም ስለ ሃያ ሁለቱ ዲግሪ አስረዳ። አባቴ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማው።

በእረፍት ሰዓት አባቴ ለፋብሪካው ስልክ ደወለ። ለሪስቶ ቤት ደብዳቤ ልከናል፣ ቦታው ተይዟል አሉት። ኦስሞ በዚያ በጋ መጋዙን ይዞ ጫካ ወረደ። መናገሬ የቀየረው ነገር ካለ ያንን አልቀየረም፤ ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ የጨመረው እጅ የእኔ ነው።

ቤት ውስጥ አባቴ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ «ያን ፖስታ ስሰጥሽ ምን ተሰማሽ?» አለኝ።

«ከበደኝ፣ አባዬ።»

«ከብዶሽም ጣልሽው።»

«ጣልኩት።»

ጥቁሩን ዳቦ ቆረጠና አቀበለኝ።

የዳንሱ ቀን የሴት አያቴን ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ጥንዶቹ ተሰልፈዋል። ከኦስሞ ጋር ስለ ዳንሱ ዳግመኛ አልተነጋገርንም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አልነበረኝም። አዳራሹ ውስጥ ወላጆች ተቀምጠዋል፣ አባቴ ከፊት። ብቻዬን ልግባ ወይስ ወደ ቤት ልሂድ እያልኩ ሳመነታ የውጭው በር ተከፈተ።

ሱፉ ክንዱ ላይ አጥሮታል። ፀጉሩ ላይ ውርጭ አለ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሮጦ ነው የመጣው። አጠገቤ ቆሞ እጄን ያዘ።

«እጅህ ምን ሆኗል?» አልኩት። ብረት የነካሁ መሰለኝ።

«ከውጭ መምጣቴ ነው። ዜሮ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ።»

እየቀለደ ነው ብዬ ቀና አልኩ። አልሳቀም።

«አሁንም ተቀይመኸኛል?»

«አዎ» አለ። «ከዜሮ በታች ነኝ። መጀመሪያ ዜሮ ድረስ መምጣት አለብኝ፣ መቅለጡ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እኔ ምን አውቄ? ለኪው።» ሙዚቃው ተጀመረ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እጄን አልለቀቀም። «ቁጥሩን ግን እንዳትነኪው።»

ሦስት ወር ከአራት ቀን ፈጀ። በግንቦት አጋማሽ የሐይቁ በረዶ በተሰበረበት ቀን፣ መንደሩ ዳርቻ ላይ ቆመን ስናይ፣ ሳመኝ። አባቱ ከኋላችን ጀልባ ይጠግን ነበር፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ያ ግራፍ ዛሬ ወጥ ቤታችን ውስጥ ከመስኮቱ ቴርሞሜትር አጠገብ ተሰቅሏል። የሰቀለው ኦስሞ ነው፣ የመጀመሪያውን ቤታችንን የተከራየን ዕለት። እንግዶች ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ፊቴ ይቀላል። ኦስሞ መቅላቴን ያያል። ዳቦውን ያቀብለኛል።